የበረዶው ማሽን ቆጣሪ

ዌንግ ሹዪን የመብራት ቆጣሪ እያነበበች በኖረችባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት ሦስት ጊዜ ውሻ ነክሷታል፤ አንድ ዳክዬ አርቢ በቀርከሃ ጀርባዋን ተልትሏታል፤ አንዲት ባልቴት ደግሞ ትኩስ የሩዝ ገንፎ ከነድስቱ ደረቷ ላይ ደፍታባታለች። ገንፎው የተደፋባት ቁጥሩን ስታ አልነበረም። በትክክል ስላነበበች ነው።

የዚያ ወንዝ ዳር ሰው ከአፉ እጁ ይቀድማል። ሹዪን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች የእሷ ወገን ዌንጎችና ከወንዙ ማዶ ያሉት ያኦዎች በአንድ የመስኖ ቦይ ተጣልተው ቀኑን ሙሉ በአካፋና በጀልባ መቅዘፊያ ሲፋለጡ ዋሉ። የሦስት ዓመት ወንድሟን ቦሼንግን አዝላ በር ላይ ቆማ ሳለ አጎቷ በአንድ እጁ ፊቱን ይዞ ሲመጣ አየችው። እናቷ የዓይኑን ጉድጓድ በቀዘቀዘ ሻይ ስታጥብለት ሰውየው «ቶሎ በይ፣ ገና አልጨረስንም» አላት። ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ምንም ቁጣ አልነበረም፤ እርሻው ሳይታረስ የመሸበት ገበሬ ይመስል ነበር። ልጅቱን ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ የነሳት ደሙ ሳይሆን ያ ድምፅ ነው።

በሃያ አንድ ዓመቷ ለያኦ ልጅ ተዳረች። ባሏ የጭነት መርከብ ላይ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል። በቀይ ጃንጥላ ሥር ሆና ድልድዩን ከተሻገረችበት ጠዋት ጀምሮ ለያኦዎች የዌንግ ልጅ፣ ለዌንጎች የያኦ ሚስት ሆና ቀረች። በሁለቱም ማዶ ሻይ ይቀዳላታል፤ በሁለቱም ማዶ ስትገባ ወሬ ይቋረጣል።

የወረዳው መብራት ጣቢያ የድሮዎቹን ቆጣሪዎች ነቅሎ አዳዲሶቹን ሲሰቅል ከውሻም ከገንፎም ተገላገለች። ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ በሁለት ቀጭን ሽቦዎች መጠየቅ ሆነ። እንዴት ያለ ነገር ነው! በአንድ ጥንድ ሽቦ ላይ ስልሳ ቆጣሪ ይንጠለጠላል፤ እያንዳንዱ አሥራ ሁለት አሃዝ ያለው ስም አለው። በመጀመሪያ የመቀስቀሻ ምልክት ትልካለች፣ ቀጥላ ስም ትጠራለች። ስልሳውም ይሰማሉ፤ የሚመልሰው ግን የተጠራው ብቻ ነው። ይህ ዝምታቸው በየቀኑ አዲስ ይሆንባት ነበር። በእሷ አገር አንዱ ሲጠራ አሥሩ ነው ዱላ ይዞ የሚወጣው።

ቆጣሪዎቹ አንድ ልማድ አላቸው። ቁጥራቸውን ራቁቱን አይልኩትም። አሃዞቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው እያንዳንዱ ጥንድ ላይ ሠላሳ ሦስት ይደምራሉ፤ ከዚያ ጥንዶቹን ከኋላ ወደ ፊት አሰልፈው ይልካሉ። እውነተኛውን ቁጥር የሚያገኘው ሠላሳ ሦስት ቀንሶ ሰልፉን የሚገለብጥ ሰው ነው። ምንም እንኳ ባይኖራቸው፣ ባዶውንም ሠላሳ ሦስት አልብሰው ነው የሚልኩት። ሥልጠና ላይ ይህን ስትሰማ «ዜሮ ምን የሚያሳፍር ነገር አለው?» ብላ ክፍሉን አስቃለች። መቀነሱንና መገልበጡን የሚሠራው ፕሮግራም ነበር፤ በዚያ በጋ ግን የእሷ ኮምፒውተር ላይ ያለው ተበላሽቶ፣ ጥገናው እስኪመጣ ጥሬውን መልስ እያየች በእርሳስ ትቀንስ ነበር።

ሁለቱ መንደሮች የሚኖሩት እባብ የሚመስል ዓሣ በማርባት ነው። ዓሣው በኩሬ ውስጥ ተጨናንቆ ስለሚያድግ ውሃውን እየመቱ አየር የሚያስገቡ ሞተሮች ያስፈልጉታል። በሙቀት ወራት ሞተሩ አንድ ሰዓት ከቆመ ኩሬው መቃብር ነው። ሁለቱንም መንደር የሚያበራው ደግሞ አንድ አሮጌ ትራንስፎርመር ነው። ስለዚህ ቦሼንግ ጎልምሶ በዌንግ በኩል የበረዶ ማሽን የተከለ ዕለት ያኦዎች ብረት ይዘው ድልድዩ ላይ ተሰለፉ። ሽማግሌዎች ገቡ። ስምምነት ሆነ፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት፣ ፀሐይ በምትበረታበት ጊዜ፣ የበረዶው ማሽን አይነሣም። ቦሼንግ አውራ ዶሮ አርዶ፣ ደሙን በሩዝ አረቄ በጥብጦ ጠጣና ማለ።

በስድስተኛው ወር አንድ ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ የባሏ ታናሽ ወንድም ዴካይ እስከ ጡቱ ረጥቦ ጣቢያው ውስጥ ገባ። እጆቹ በዓሣ ልጋግ ተለውሰዋል።

«እትዬ፣ አለቁ! ሆዳቸውን ገልብጠው ነጭ ሆነዋል። ሦስቱም ኩሬ!»

«ሞተሮቹስ?»

«ስምንት ሰዓት ላይ ተንገዳገዱና ቆሙ። ጉልበት አጡ። ማን እንደጠጣብን አንቺም ታውቂያለሽ።»

«ቦሼንግ መሐላ አይበላም፣ ዴካይ።»

«እንግዲያው ቆጣሪውን ጠይቂውና አፌን ዝጊልኝ።»

ሹዪን የበረዶውን ማሽን ቆጣሪ በስሙ ጠርታ፣ በስምንት ሰዓት ስንት ኪሎዋት እየሳበ እንደነበር ጠየቀችው። ቆጣሪው እንዲህ ያለውን በየሰዓቱ መዝግቦ ያስቀምጣል። መልሱ ሰከንድ ሳይሞላ መጣ፤ 33 33 33። እፎይ አለች። ባዶ ነው፤ ማሽኑ ተኝቶ ነበር። አፏን ስትከፍት በሚቀጥለው ክፍል ስልኩ ጮኸ። «ቆይ፣ መጣሁ» ብላ ሮጠች። ዋናው ጣቢያ ነበር፤ ስለ ሌላ መስመር አንድ ሁለት ነገር ጠየቃት።

ዴካይ ከተማ ወርዶ ቆጣሪ በሚገጣጥም ፋብሪካ ውስጥ ስድስት ወር ሠርቷል። ምንም ባያውቅ ኖሮ ደህና ነበር። እሱ ግን ግማሹን ያውቃል። ቁጥሩ ከኋላ ወደ ፊት እንደሚነበብ ያውቃል፤ ነጥቡ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች በኋላ እንደሚውል ያውቃል። ስለ ሠላሳ ሦስቱ ግን የነገረው የለም። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ያለውን ገልብጦ አነበበና ሠላሳ ሦስት ነጥብ ሦስት ኪሎዋት አገኘ። ልክ ትራንስፎርመሩን የሚያንበረክክ ጭነት። በስልኩ ፎቶ አነሣው።

ሹዪን ስትመለስ ወንበሩ ሥር የውሃ ኩሬ እንጂ ዴካይ አልነበረም። የምትቀንስበት ወረቀት ጠርዝ ላይ በእሷ እርሳስ «33 ኪሎዋት!» ተብሎ ተጽፏል። እርሳሱ ወረቀቱን ቀዶት ነበር።

ስልክ ብትደውል ማን ያነሣል? ብትናገር ማን ያምናል? «እህቱ ናት» ነው የሚሉት። ቆማ አሰበች፤ ሩብ ደቂቃ ያህል። ከዚያ ላፕቶፑንና ሽቦዎቹን ቦርሳዋ ውስጥ ወርውራ፣ ከመደርደሪያው ላይ ማኅተሙ ያልተፈታ አዲስ ቆጣሪ ከነካርቶኑ አንሥታ ሞተር ሳይክሏ ላይ ወጣች።

በኩሬዎቹ መሃል ስታልፍ አየችው። ኩሬው ላይ ውሃ የሚባል ነገር አይታይም፤ በጀርባቸው የተገለበጡ ዓሦች እንደ ገመድ ተጠላልፈው ነጭ ምንጣፍ ሆነዋል። ሴቶች እስከ ወገባቸው ገብተው አሁንም በሳንቃ ውሃውን ይመታሉ። አንዷ ሹዪንን ስታይ የሞተ ዓሣ አንሥታ ወረወረችባት። ጉንጯን መታት። አልቆመችም።

ቦሼንግ ቀድሟት እዚያው ያኦዎች መንደር ነበር። ያኦዎች ጋ ዓሣ እየሞተ መሆኑን በሰማ ጊዜ፣ ጠዋት የሠራውን በረዶ በባለሦስት እግር የጭነት ብስክሌት ጭኖ ኩሬውን ሊያቀዘቅዝላቸው ድልድዩን ተሻገረ። እግዜር ያሳያችሁ፤ የበረዶ ክምር ይዞ፣ ዴካይ ያንን ፎቶ ለሰው ሁሉ ባሳየበት ሰዓት! «በእኛ መብራት የሠራኸውን ልትሸጥልን መጣህ?» ብለው ከመሪው ላይ አወረዱት። በመጀመሪያ የመታው ሰው በገዛ በረዶው ነው የመታው።

ሹዪን የያኦዎች የአያቶች አዳራሽ፣ ጎሳው ነገር የሚዳኝበት ቤት፣ ስትደርስ ሁለት ሰዎች ቦሼንግን በጉልበቱ አንበርክከው ቀኝ ክንዱን በድንጋዩ ደፍ ላይ ዘርግተውታል። የሸሚዙ ኮሌታ ተቀዷል፤ አንድ ቅንድቡ ተከፍቶ ደሙ አፉ ውስጥ ይገባል። ዴካይ የውሃ ቧንቧ ብረት ይዞ ቆሟል። ከደፉ ወዲያ የያኦዎች ሽማግሌ አባባ ቢንግኩን ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ማሽኑን ያስነሣው ይህ እጅ ነው» አለ ሽማግሌው። «ዓሣው ነፍስ ነበረው። እኛ ነፍስ አንጠይቅም። እጁን ብቻ።»

«አባባ! ቆዩ!» አለች ሹዪን።

ብረቱ ወረደ። ድምፁ ደረቅ ሸንኮራ ሲሰበር እንደሚሰማው ነው፤ እንዲያውም ከዚያ ያነሰ። ይህን የሚያህል ነገር ይህን የሚያህል ትንሽ ድምፅ ብቻ ማውጣቱ ገረማት። ቦሼንግ አልጮኸም። ደሙን ተፋና «ግራዬንም ጨምሩበት፣ ጥንድ ይሁን» አለ።

ዴካይ ብረቱን እንደገና አነሣ። ሹዪን ደፉ ላይ፣ በተሰበረው እጅ አጠገብ፣ በጉልበቷ ተደፋች።

«ተነሺ እትዬ! የቁጥሩ ፎቶ እጄ ላይ ነው። ራስሽ ነሽ ያወጣሽው!»

«ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያነበብከው ግን አንተ ነህ። ሠላሳ ሦስት ማለት ባዶ ማለት ነው።»

አዳራሹ ሙሉ ሳቀ። ክፉ ሳቅ ነበር።

«ሠላሳ ሦስት ባዶ ከሆነ» አለ ከኋላ አንዱ፣ «እኔም ሠላሳ ሦስት ጊዜ ልምታውና ምንም አላደረግኩም ልበል!»

«አባባ ቢንግኩን» አለች ወደ ሽማግሌው ብቻ እያየች፣ «እኔን አትመኑ። እኔ እህቱ ነኝ። ይህ ቆጣሪ ግን የማንም ወንድም አይደለም። ማኅተሙን እርስዎ ይፍቱት።»

ሽማግሌው ካርቶኑን ግራና ቀኝ አገላበጠው። በረጅም ጥፍሩ ማኅተሙን ቀደደ። ሹዪን ቆጣሪውን ከግድግዳው መብራት ጋር አገናኘች፤ በሌላው በኩል ምንም አልሰካችበትም። ሁለቱን ቀጫጭን ሽቦዎች ወደ ላፕቶፑ ወሰደች። ቦሼንግ ክንዱን እንደያዙት አጠገቧ ያቃስታል፤ ትንፋሹ አንገቷ ላይ ይሰማታል።

«አሁን ከዚህ ላይ ምን ተሰክቷል?»

«ምንም» አለ ሽማግሌው።

«አሁን ስንት ትስባለህ ብዬ ልጠይቀው ነው። ዴካይ፣ ና አንተ አንብብ።»

ዴካይ ብረቱን እንደያዘ ጎንበስ አለ። ስክሪኑ ላይ 33 33 33 ወጣ።

«ምን ይላል?» አለ ሽማግሌው።

«... ሠላሳ ሦስት።»

«ከምን?»

ሹዪን ከሻይ ጠረጴዛው ላይ የውሃ ማፍያውን አንሥታ ቆጣሪው ላይ ሰካችው። ውሃው ማጉረምረም ሲጀምር እንደገና ጠየቀች። 73 49 34 መጣ። በጣቷ የድንጋዩ አቧራ ላይ ሠላሳ ሦስት፣ ሠላሳ ሦስት እያለች ቀነሰችና ገለበጠችው፤ አንድ ሺህ አንድ መቶ ስልሳ አራት ዋት።

«ማፍያውን ገልብጠው ከሥሩ ያንብቡ።»

ሽማግሌው የፈላውን ውሃ ደፋና መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። «አንድ ሺህ ሁለት መቶ ይላል።» ትንሽ አሰበ። «ሠላሳ ስድስቱስ የት ገባ?»

«መብራታችን ዛሬ ደካማ ነው፣ አባባ።»

በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ክንዱን የያዙት ሁለት ሰዎች፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ለቀቁት።

ሽማግሌው ግን ሽማግሌ ነው፤ ነገር ሳይጨርስ አይነሣም። «እሺ። እሱ ካልሆነ» አለ፣ «የእኛን ሞተሮች ምን ገደላቸው?»

ሹዪን ታውቃለች። በዚያው ሳምንት የያኦዎችን የኩሬ መስመር አንብባለች። ዴካይ ማንንም ሳያማክር በአሮጌው ቀጭን ገመድ ላይ ስምንት ሞተር ጨምሮበታል። ሙቀቱ ሲበረታ ገመዱ ራሱ ነው የታነቀው። ቀና ስትል ከዴካይ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ፊቱ ላይ ያለው ነገር ቁጣ አልነበረም። ብረቱን ቀስ አድርጎ ወደ ታች ዝቅ አደረገው። ያኦዎች በዚያ የደፍ ድንጋይ ላይ ሌላ እጅ ለማኖር አንድ ቁጥር ብቻ ነው የቀራቸው።

ላፕቶፑን ከደነችው። «እሱን የፈለገ ሰው ጣቢያው መጥቶ በጽሑፍ ያመልክት። እኔ ዛሬ የተጠየቅኩት የበረዶውን ማሽን ነው።»

ቦሼንግ ግን ሞኝ አይደለም። እህቱ ወዴት አይታ ወዴት እንደሸሸች አይቷል። «እሱ ነዋ!» ብሎ ጮኸ። «ራሱ ገድሏቸው ኖሯል!» በግራ እጁ ብረቱን ከዴካይ መዳፍ ነጠቀና ሆዱን ደሰቀው። ዴካይ ታጠፈ። ቦሼንግ ብረቱን ከጭንቅላቱ በላይ አነሣ፤ ሊወርድ የነበረው የሰው አናት ላይ ነው፤ እሱ ከወረደ ደግሞ ከዚህ አዳራሽ ማንም ዌንግ በሕይወት አይወጣም። ሹዪን ቆጣሪውን ከነሽቦው ከግድግዳው ነቅላ፣ ለማሰብ ሳትቆም፣ የወንድሟ ጆሮ ግንድ ላይ አሳረፈችው።

እንደ እህል ጆንያ ወደቀ።

«አዪ!» አለ አንድ የያኦ ሽማግሌ በአድናቆት። «እነዚህ ዌንጎች!»

«ውሰጂው» አለ አባባ ቢንግኩን። «በእግሩ ካልሆነ ግን ከድልድዩ ወዲያ ጥሩ ነገር አይጠብቀንም።»

ልክ ነበር። ከድልድዩ ማዶ ዌንጎች ብረት፣ ቀርከሃና የዓሣ መንጠቆ ይዘው ተሰብስበዋል፤ መቶ ሃምሳ ይሆናሉ። ቦሼንግ በሸክም ሲመጣ ቢያዩ ኖሮ ይገቡ ነበር። ከፊት የቆመው የዌንጎች ዓሣ አራጅ ነው፤ ትከሻው በር ያህላል።

ሹዪን ወንድሟን ባለሦስት እግሩ ላይ ከቀረው በረዶ ጋር ጭና እስከ ድልድዩ አፍ ገፋችው። ከማዶ በማይታይ ጥላ ሥር ሲደርሱ በበረዶ ውሃ ፊቱን ታጥበው ጀመር። አልነቃም። በጥፊ መታችው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ዓይኑን ገለጠ።

«እቴ... በቆጣሪ መታሽኝ?»

«አዎ። ስማኝ። በእግርህ ትሻገራለህ።»

«እጄ...»

«እጅህን ሸሚዝህ ውስጥ ክተተው።»

«ሰብረውኛል እኮ፣ እቴ። ያንን ውሻ...»

«ዌንጎች ካዩት ዛሬ ማታ ስንት ሬሳ እናጥባለን? ንገረኝ። አንተ ቁጠርልኝ።»

ቦሼንግ ማዶውን አየ፤ የአክስቶቹን ልጆች፣ ብረቱን፣ መንጠቆውን። ጥርሱን ነክሶ የተሰበረውን እጁን እንደ ሕፃን በግራው አቀፈና ሸሚዙ ውስጥ ከተተው። ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ። ተነሣ። ሹዪን ሳትነካው በጎኑ ሄደች። ድልድዩ ሰባ እርምጃ ነው። እያንዳንዱን ሰማችው።

«ቦሼንግ!» አለ ዓሣ አራጁ። «ጭንቅላትህን ማን ነው የመታህ? ስሙን ብቻ ጥራልን!»

ሹዪን የወንድሟን ጎን እንጂ ፊቱን ማየት አልቻለችም። ቦሼንግ ቆመ። ብረቶቹ ላይ የከሰዓቱ ፀሐይ ያበራል።

«እህቴ» አለ።

«ማን?»

«እህቴ ናት! ይቺ! በአዲስ ቆጣሪ!»

አንድ ሰው ፈነዳ፤ ቀጥሎ ሌላው። ዓሣ አራጁ ሆዱን ይዞ ጎንበስ አለ። «ደግ አደረገች! እኛም ስንት ዓመት ስንመኘው የኖርነውን!» ብረቶቹ አንድ በአንድ ወደ መሬት ወረዱ። ቦሼንግም ሳቀ፤ ጥርሱ ሁሉ ደም ነበር። ሸሚዙ ሥር ያለው ነገር ግን እየተንቀጠቀጠ መሆኑን ያየችው ሹዪን ብቻ ናት።

ሕዝቡን አልፈው፣ የማገዶ ቤቱን ዞረው፣ ሰው በማያያቸው ግድግዳ ሥር ሲደርሱ ወደቀ። ይዛው አብራው ወደቀች። ጩኸቱ ከደረቱ ሊወጣ ሲል ተሰማት፤ ዓሣ አራጁ ገና ሃምሳ እርምጃ አልራቀም። ትከሻዋን ሰጠችው። ቦሼንግ ነከሰው፤ ሸሚዙን አልፎ፣ ሥጋውን አልፎ፣ እስኪደክመው ድረስ ነከሰው፤ እሷም አልጮኸችም። የጥርሱ ምልክት፣ ከላይ ስድስት ከታች አራት፣ እስከ ዛሬ ከትከሻዋ አልጠፋም።